ደብረ ማርቆስ ላይ ፍሪጅና ምጣድ ለምታሠሩ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

«ፍሪጅ የሚሠራ ጥሩ ሰው ታውቂያለሽ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ የማርቆስና የአካባቢው ሰዎች መልሱን አንዴ ልጻፈው። አዎ፣ አውቃለሁ። እኚህ ሰው ቤታችንን ከብዙ ወጪ አድነውታል፤ ምስጋናዬም በአደባባይ ይሁን ብዬ ነው። ስማቸውን ግን እዚህ አልጽፍም። «ሰው ሲበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» ስላሉኝ ነው። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

የተዋወቅነው በፍሪጃችን ሰበብ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ውስጡ መብራት አለ፣ ግን አያቀዘቅዝም። ከእሳቸው በፊት ያየው ሌላ ባለሙያ «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ሞላልን። ትንሽ ሰነበተና ያው ሆነ። ደግሞ ሞላ፣ ደግመን ከፈልን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ታዲያ ጋዙ የት ሄደ?»

ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ከውስጥ ይወስድና ከኋላ ያስወጣል። ያው ጋዝ ፍሪጁ እስኪያረጅ ይበቃዋል። ጎደለ ከተባለ ቱቦው የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ የተሞላው ጋዝ በዚያው ይወጣል፣ እናንተም ትከፍላላችሁ።

ጋሼ ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ሞልተው በሳሙና አረፋ አዳረሱት። ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቱቦው ሲንቀጠቀጥ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ኖሮ ተበልቷል። በየዱት። እርጥበት የሚይዘውን ፊልተርም በአዲስ ቀየሩ። ቱቦ ከተከፈተ እርጥበት ይገባል፤ ስለዚህ ፊልተር ሳይቀየርና ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ሳይወጣ ጋዝ አይሞሉም። ጋዙንም በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው የሚሞሉት። ስንት ግራም እንደሚፈልግ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ። እኔ ለዓመታት ያን ጽሑፍ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። የተበላችውን ቁራጭ ቱቦም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ሁሌም ለባለቤቱ ይመልሳሉ፤ እኔ ሰውን የማምነው እንዲህ ሲያደርግ ነው።

በነገራችን ላይ የፍሪዘር በረዶ በቢላ የምትፈነቅሉ ካላችሁ ተዉ። ከበረዶው ሥር ያለው ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ጋዙም የሚያልፈው በዚያ ነው። ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ በራሱ ጊዜ ይቅለጥ።

የመብራታችንን ነገር ታውቁታላችሁ። የጋሼ ምክር አጭር ነው፦ ሲሄድ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ። ሞተሩ ሲቆም በአንደኛው በኩል ያለው የጋዝ ግፊት እንደበረታ ይቆያል፤ እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ መሀል መብራት ከተፍ ካለ ሞተሩ መነሳት ያቅተውና እያጓራ ይግላል። ስለዚህ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቤት ሰው ከሌለስ? መብራት ሲመለስ ራሱ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር ግዙ። የሞተር ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ስታቢላይዘሩ አይወደድባችሁም።

ምጣድ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው፤ ምጣድ ሲነካ ይቆጣሉ። የመብራት ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ይህን በዲቫይደር ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር ሰክቶ የሚጋግር ቤት ካገኙ ሥራውን ሳይጀምሩ ይመክራሉ። ምጣድ ከብሬከሩ በቀጥታ የተሳበ፣ ወፈር ያለ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ሶኬታችሁ ጋገራችሁ ስትጨርሱ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ቡናማ ካደረገ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ።

ሽቦው ተቃጠለ ተብሎ ምጣድ ሲጣል ግን አይወዱም። ሸክላው ካልተሰነጠቀ ሽቦው ይቀየራል። ከሥሩ ያለውን ጀሶ ፈልፍለው፣ አዲስ ሽቦ በቦዩ ዘርግተው መልሰው ይደፍኑታል። የእናቴን ምጣድ እንዲህ ነው ያዳኑት። እናቴ ከምንም በላይ የተደሰተችው በጎመንዘር አሟሽታ ዓይን እንዲያወጣ ያደረገችው የራሷ ሸክላ ስለተመለሰላት ነው። አዲስ ሸክላ እስኪላመድ የሚባክነውን ሊጥ የጋገረ ያውቀዋል።

አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊትም ደውሉላቸው። ቡሬ ያለችው እህቴ የልብስ ማጠቢያ ልትገዛ ፎቶ ላከችላቸው። ስለ ብራንዱ ትንፍሽ አላሉም። «ልጄ፣ የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?» አሏት። ሙሉ አውቶማቲኩ ውኃ ከቧንቧ በግፊት ካልመጣለት ልብሱን እንደነከረ ይቆማል። በጀሪካን ውኃ የሚሞላው፣ ማጠቢያውና መጭመቂያው የተለያየው ዓይነት ይሻልሻል አሏት። ካርዱም (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ቀላል ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ካርድ የለውም፤ የሚበላሽ ነገር ያንሳል። ሁለተኛው ጥያቄያቸው መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ነው። ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካልተገኘ ለአንዲት ጎማ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሊመጣ ነው።

ፍሪጅ ሲመርጡ የሚያዩትን ነገር ደግሞ ሻጮቹም ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። ዕቃው ላይ ኤስኤን (SN)፣ ኤን (N)፣ ኤስቲ (ST) ወይም ቲ (T) የሚል የአየር ጠባይ ምልክት አለ። ኤን የተባለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ ቲ የተባለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ላለው ክፍል የተሠራ ነው። ኤስኤን ከ10 ዲግሪ ይጀምራል። ማርቆስ ደግሞ ሌሊት ብርድ ነው። ኩሽናው ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ባለ አንድ ቴርሞስታቱ (ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው) ፍሪጅ «በቅቶኛል» ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ይለሰልሳል። ለእኛ ደጋ ኤስኤን የተጻፈበት ነው የሚሻለው። አባይ በረሃ አካባቢ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁን መፍጫም ከመሰካታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ የኛ ሶኬት ያቃጥለዋል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገኝ እንኳ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው) ተብሎ የተሠራ አንዳንድ ሞተር በኛ 50 ኸርዝ ከመደበኛው በላይ ሊግል ይችላል።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ቀርፋፋ ናቸው። «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ ነው። እሑድና በዓል አይሠሩም፤ ሚያዝያ 30 የማርቆስ ዕለትማ ስልካቸውን ባትሞክሩት ይሻላል። ዋጋቸው ከሌላው ረከስ አይልም፤ ግን ሥራ ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል፣ ከዚያም አይጨምሩም። «ይሄ አይረባም፣ ገንዘብህን አታባክን» ብለው ሰው ሲመልሱም አይቻለሁ፤ ለማየት ለመጡበት እንኳ አላስከፈሉትም።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካሳዩዎት፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የምትደውሉላቸው ሰዎች፣ መጀመሪያ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ አያነሱም።