በርሊን ወይስ ኢንተርላከን?
አውሮፓ ያላችሁ፣ ማራቶን የቱን ልሩጥ ለምትሉ፦ በርሊን ሜዳ ነው፣ ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ. 2:03:59 የገባበት፣ ሰዓት ከፈለጋችሁ ሌላ አታስቡ። የስዊዘርላንዷ ኢንተርላከን ግን ትንሽዬ ከተማ ናት፣ ከዛ የሚነሳው የዩንግፍራው ማራቶን ከ1,800 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ተንኮሉ ደሞ እስከ ላውተርብሩነን መንደር ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብዙም ስለማይከብድ ሰው በፍጥነት ይሮጠዋል፣ ከዛ ወደ ቬንገን የሚወጣው ጥምዝምዝ ዳገት ሲመጣ ጎበዝ የተባለው ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በእርምጃ ነው የሚወጣው (ምንም አያሳፍርም)፣ እዛ ፔስ (የሩጫ ፍጥነት) ምናምን እርሱት፣ ትንፋሻችሁን ብቻ ጠብቁ። እኔ ዳገቱን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ግን በርሊን፣ ያው የመመዝገቢያ ዕጣው ከወጣላችሁ ነው።