አምስት ትንንሽ ሰርቨር ወይስ አንድ ደህና ማሽን?

ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ ሰርቨር፣ ማለትም የቢሮውን ፋይልና ሶፍትዌር ለሁሉም የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ሲሞትባቸው ነው። «የፋይል ሰርቨሩ አልነሳ አለ፤ በምን እንተካው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ሌሎቹስ ስንት ዓመታቸው ነው?» ዝም ይላሉ። አብረው የተገዙ ስለሆኑ አብረው ነው የሚያረጁት።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። የሞተውን በሌላ ትንሽ ሰርቨር መተካት፣ ወይም ሁሉንም ሰብስቦ መካከለኛ አቅም ባለው አንድ ማሽን ላይ በቨርቹዋል ማሽንነት ማስኬድ፤ ማለትም እያንዳንዱ ሰርቨር በአንዱ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር እንደተሠራ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሆኖ ይሠራል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ አልደብቅም። ወገን የለየሁት ግን ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ትንሹ ሰርቨር ሲገዙት ርካሽ ነው። ሂሳቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ያረጀ ታወር ሰርቨር ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎም 100 ዋት ያህል ሊበላ ይችላል። አምስቱ 500 ዋት ማለት ነው። ቀን ከሌሊት ዓመቱን ሙሉ ሲበሩ 4,380 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 200 ዋት የሚፈጅ አንድ ማሽን ግን 1,752 ላይ ይቆማል። ልዩነቱን በምትከፍሉት የመብራት ታሪፍ አባዙት፤ ከዚያ በአምስት ዓመት። ያ ሁሉ ዋት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እሱን ለማቀዝቀዝ ሌላ መብራት ትከፍላላችሁ።

ከመብራቱ የባሰው ጥገናው ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ትንንሽ ሰርቨሮች በርካሽ አገኘሁ ብዬ ገዛሁ። የአንዱ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ መብራት የሚያድለው ክፍል) ሲቃጠል ቅርጹ ከሌላ ከምንም ጋር አይገጥምም። ኦሪጅናሉ ጠፋ፤ ኮፒው ተገኘ። የተቃጠለውን በአንድ እጄ፣ አዲሱን በሌላው ያዝኳቸው። ላያቸው ላይ የተጻፈው ዋት እኩል ነው፤ አዲሱ ግን እንደ መጫወቻ ቀለለኝ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ገጠምኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ማዘርቦርዱን ይዞት ሄደ። በኋላ ፈትቼ ሳየው ፊልተሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነው፤ ሙቀት የሚያወጣው አሉሚኒየም እንደ ቆርቆሮ ስስ ነው።

መካከለኛ ሰርቨር ላይ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ቢሞት በሌላው ይሠራል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሻጩ ፊት ማሽኑ እየሠራ አንዱን ገመድ ንቀሉት። ከጠፋ ጥላችሁት ሂዱ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የላችሁም።

ገንዘቡን የት እናድርገው ከተባለ፣ መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ዲስክ፣ ፕሮሰሰር መጨረሻ። የኔን ሰርቨሮች አንድ ሳምንት ስከታተላቸው ፕሮሰሰራቸው ከአሥር በመቶ ብዙም አያልፍም ነበር። ራማቸው ግን ጢም ብሎ ነበር። የኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የማስሊያ ክፍሎች፣ ብዛት ሌላም ጣጣ አለው። የዊንዶውስ ሰርቨር ላይሰንስ የሚቆጠረው በኮር ነው፤ ትንሹ የሚከፈልበት 16 ኮር ነው። ስታንዳርድ የተባለው ዓይነት የሚፈቅደው ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ነው። አራት ከፈለጋችሁ ኮሩን ሁሉ እንደገና ትከፍሉበታላችሁ። 32 ኮር ያለው ማሽን «በቅናሽ» አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ላይሰንሱ ላይ ያገኘዋል። ሊኑክስ ላይ መሄድ የሚችለውን ሊኑክስ ላይ አድርጉት። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከሥር ሆኖ ለሚያስኬደው ሶፍትዌር እኔ ፕሮክስሞክስ እጠቀማለሁ፤ ያለ ክፍያ ይሠራል። ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሚሸጠው ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ብሮድኮም በተባለው ኩባንያ ከተገዛ ወዲህ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ላይሰንስ መሸጥ አቁሟል። በየጊዜው መክፈል ነው።

ዲስክ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። 2 ቴራባይት ነኝ የሚል፣ ውስጡ ግን የዚያ ቁራጭ የሆነ ኤስኤስዲ ሞልቷል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ከልኩ ሲያልፍ ከዚያ በኋላ የጻፋችሁት ይጠፋል፤ የሚታወቀው ፋይሉን ስትከፍቱት ነው። ስለዚህ ሥራ ሳታስጀምሩት እስከ አፉ ሙሉትና መልሳችሁ አንብቡት። ብዙ የሠራ ሃርድ ዲስክ ሰዓት ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጥም ታይቷል።

«አንዱ ሲሞት ሁሉም ሞተ ማለት አይደል?» ይሉኛል። እውነት ነው። ለዚህ ነው ከአሮጌዎቹ ደህነኛውን የማትሸጡት። ራሙን ከሌሎቹ አዋጡለት፣ አዲስ ዲስክ ግዙለትና በየሌሊቱ የሁሉንም ባክአፕ ይቀበል። ዋናው ማሽን ሲወድቅ አስፈላጊዎቹን እዚያ ላይ ታስነሳላችሁ። ይንቀራፈፋል፤ ግን ሥራ አይቆምም። ቨርቹዋል ማሽን ከሥሩ ያለው ብረት ቢቀየርም ያን ያህል አይሰማውም። በድሮው መንገድ የአንዱን ሰርቨር ባክአፕ ሌላ ዓይነት ሰርቨር ላይ ልመልስ ብዬ ድራይቨር (ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ፍለጋ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ግን አትልፉ፤ ባሉበት ይቆዩ። የካሜራ መቅጃውንም ለብቻው ተዉት፤ ቀኑን ሙሉ ዲስክ ላይ ሲጽፍ ሌሎቹን ያንቃል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ በዩኤስቢ ዶንግል (ማሽኑ ላይ በምትሰካ ትንሽ የላይሰንስ ቁልፍ) የሚከፈት ከሆነ፣ ሌላውን ሳትነኩ መጀመሪያ እሱን ብቻ አዛውራችሁ ሞክሩት። እኔ መጨረሻ ላይ ትቼው ወር መዝጊያ ላይ አልከፈትም አለኝ። አሁን ዶንግሏ ማሽኑ ጀርባ ተሰክታ በፕላስተር ተለጥፋለች፤ ላይዋ ላይ «እንዳትነቀል» ብዬ ጽፌባታለሁ።