ኅዳግ የሌለው ቅጽ፦ ኮቦ ኮሌክት በአንዲት ቤት ለቤት ጠያቂ ዓይን

ሥራዬ የሰው ቤት እየገቡ መጠየቅ ነው። ስንት ናችሁ፣ ትናንት ምን በላችሁ፣ ውኃ ማን ይቀዳል፣ ልጁ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል። ጥናቱ የወጣቶችም ይሁን የአመጋገብ፣ ደጅ ቆማ «ቤቶች!» የምትለው እኔ ነኝ። በ2005 ዓ.ም. በወረቀት ጀመርኩ፤ ከ2010 ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ታብሌት ላይ በተጫነ ኮቦ ኮሌክት ነው። ለማታውቁት፣ የሃርቫርድ ሂውማኒታሪያን ኢኒሺዬቲቭ ሰዎች ከጀመሩት ኮቦ ቱልቦክስ ከሚባል የመጠይቅ ማዘጋጃና መረጃ መሰብሰቢያ ጋር አብሮ የሚሠራ የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው፤ የተሠራውም ኦዲኬ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ስሙን የሰማ ሁሉ «ከቆቦ ነው የመጣው?» ይለኛል። አይደለም።

ወረቀቱን ተሸክሞ ለማያውቅ ሰው ጥቅሙን ማስረዳት ይከብዳል። አንዱ መጠይቅ 40 ገጽ፣ በቀን አምስት ቤት። ኩታበር መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዘን ላስቲክ የምናለብሰው መጀመሪያ መጠይቁን ነበር፣ እኛ ከተረፈ። ዝላዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «መልሱ ‹የለም› ከሆነ ወደ ጥያቄ 317 ይለፉ» የሚለውን የደከመ ዓይን ሲስተው፣ ባሏ የሞተባትን ሴት «ባለቤትሽ ምን ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል። እኔ ጠይቄያለሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። ኮቦ ላይ ፎርሙ በወጉ ከተሠራ ይህ አይደርስም፤ ባል የለም ካሉት የባልን ጥያቄ ጨርሶ አያሳይም። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ ብሰጠው አይቆጨኝም።

ኔትወርክ አለመፈለጉም ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ማታ ከተማ ሲገባ ይላካል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ታብሌቱ ሲንቀራፈፍብኝ መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያልተላኩ 11 ቃለ መጠይቆች አብረው ጠፉ። በማግስቱ 11 ቤት ተመልሼ ስሄድ አንድ አባወራ «ትናንት የነገርንሽ አልጣመሽም?» አሉኝ። እና ሳትልኩ አታጥፉ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ እኛ አገር ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው። መተግበሪያው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል! ፎርሙን የሚሠራው ሰው በቀኑ ጥያቄ አጠገብ አንዲት ቃል ብቻ ቢጨምር መስከረም፣ ጥቅምት እያለ እስከ ጳጉሜን ይዘረዝራል፤ ውስጥ ውስጡን ወደ ፈረንጁ ቀይሮ ያስቀምጠዋል። ይህን ያወቅኩት ሥራውን ከጀመርኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በጭንቅላቴ ነበር የማሰላው። እናት «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የወለድኩት» ትላለች፣ ሌላዋ «ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው» ትላለች፤ እኔ ቡናው እስኪፈላ ጣት እቆጥራለሁ።

ግን ያቺን ቃል የሚጨምር ስንቱ ነው? ባለፈው ዓመት በሠራሁበት ጥናት (የማን እንደሆነ ልተወው) የልደት ዓመት የሚሞላው በባዶ ቁጥር ነበር። እናትየው 2008 አለችኝ፣ 2008 ጻፍኩ። ፎርሙ በፈረንጅ ዘመን አሰበውና የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት አደረገው። ከዚያ የወጣቶች ክፍል ተከፈተ፦ «ትዳር መሥርተሃል?» ልጁ ጥጃ ሊያስር ሲሮጥ አየዋለሁ። እናትየው በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ግን በዚያ ሳምንት ሳላስተውል ያሳለፍኩት ይኖር ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። የልጃገረዶችን ውሎ ስንጠይቅ «12 ሰዓት እነሣለሁ» ትላለች። በእኛ ማለዳ ነው፤ የታብሌቱ 12 ግን እኩለ ቀን ነው። አዲስ ጠያቂ እንደሰማው ቢሞላው፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ ሪፖርቱ ላይ እስከ ቀትር የምትተኛ ሆና ትወጣለች። አዲስ የሚገቡትን የማሠለጥን እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ለሰዓት ብቻ እሰጥ ነበር።

የመተግበሪያው ብልኅነት ራሱ የሚያስጨንቅበት ጊዜም አለ። አንዲት እናት ዕድሜ 34፣ ያገባሁት በ18፣ የመጀመሪያ ልጄ 20 ዓመቱ አለችኝ። ወዲያው ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ አይጣጣምም። እውነቱን ነው፣ 34 ሲቀነስ 20 ስንት ነው? 18 የሚለውን መልስ በየቤቱ እሰማዋለሁ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ከወጣ ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ሕጉን ይመልስለታል። በወረቀቱ ዘመን ይህን የሚያገኘው ቢሮ ያለ ሰው ነበር። አሁን ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ወደፊት አላሳልፍም የሚል ታብሌት ይዤ እኔ ነኝ የምጋፈጠው። ቡናው እስኪቀርብ ወደ ሌላ ወሬ ወሰድኳቸው። ሰውየው በሬ ሊያይ ሲወጣ ሴትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሥራ ሦስት ነበርኩ» አለችኝ። ማሽኑ ስሕተቱን ያዘ እሺ፤ እውነቱን ያመጣው ግን በሬው ነው።

ሱፐርቫይዘሮች የሚወዱት ነገር ደግሞ የጊዜ መዝገቡ ነው። ፎርሙ ላይ ከተከፈተ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየሁ ይታያል። «የፈቃደኝነቱን ጽሑፍ በአራት ሰከንድ ነው ያነበብሽው?» ተብዬ አውቃለሁ። በቃሌ ነበር ያልኩት፣ ከዚያ ነው የነካሁት፤ ማን ይሰማል? ቢሆንም አልጠላውም። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አሥር ቤት ሞልቶ የሚመጣ ሰው በወረቀቱ ጊዜ ስንት ነበር።

ጂፒኤሱ ባትሪ ይበላል፣ ፓወር ባንክ ያዙ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አምስት ሜትር ድረስ እስኪጠራ መጠበቅ አሰልቺ ስለሆነ ደጅ መውጣት ይሻላል። ደጅ ስትወጡ ግን ጎረቤት ያያል። አዲስ አበባ ዳር ላይ ታብሌት ወደ ሰማይ ይዤ ስቆም «ሊያፈርሱት ለክተው ሄዱ» የሚል ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቀጣዩ ቤት ደርሶ ያውቃል። በዚያ ሰፈር የቤቱን ስፋት የነገረኝ አልነበረም። ገጠር ሲሆን ተቃራኒው ነው፤ ታብሌት ያየ ሁሉ ለሴፍቲኔት የምመዘግብ ይመስለውና በሬው ሁሉ ይሞታል፣ ላም ሁሉ ይነጥፋል።

ወጣቶችን ብቻቸውን ማናገር የሚባል መመሪያም አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ብቻቸውን? እናት ወጥ ቤት ናት፣ መጋረጃ ነው የሚለየን። አንድ ጎረምሳ ታብሌቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞልቶ መለሰልኝ፤ ያን ጊዜ መሣሪያው በጣም ጠቀመን፤ ወረቀት ቢሆን እናቱ ከኋላ ሆና ታነበው ነበር።

ቅሬታዬ ከመተግበሪያው ጋር ሳይሆን በእሱ ፎርም ከሚሠሩት ጋር ነው። ወረቀት ኅዳግ ነበረው። «ልጅቷ ትሠራለች?» ተብላ «ምንም ሥራ የላት፣ ቤት ነው ያለች» የምትለኝ እናት፣ ልጅቷ በዚያው ቅጽበት ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ፣ ኅዳጉ ላይ «ውኃ ቀድታ መጣች» ብዬ እጽፍ ነበር። መረጃ አስገቢዎቹ ምናልባት አላዩትም፤ ግን ተጽፎ ነበር። ኮቦ ላይ ያንን የምጽፍበት ቦታ የሚኖረኝ ፎርም ሠሪው ካዘጋጀልኝ ብቻ ነው። አንድ ክፍት ጥያቄ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። ብዙዎቹ አይጨምሩም፤ ክፍት መልስ ለመተንተን ያስቸግራል ይሉናል። እኔ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዝቼ መያዝ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አሁን ስድስተኛው ላይ ነኝ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ደሴ ዙሪያ ያጋጠሙኝን አንዲት እናት ላንሣ። የቤተሰቡን ዝርዝር ስንጀምር የመጀመሪያዋን ስም የጠሩት ሳዑዲ ያለች ልጃቸውን ነው። «አራት ዓመቷ ከሄደች፤ ይህን ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ ናት።» ፎርሙ ግን ባለፉት ስድስት ወራት እዚህ ቤት ያላደረን አይቆጥርም። ስሟን አስገባሁ፣ ስድስት ወር ስል አልኖረችም፣ ከዝርዝሩ ወጣች። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአንድ ቤተሰብ አማካይ 4.6 ሰው ነው፤ ያቺን ነጥብ ስድስት ባየሁ ቁጥር ይህቺ ልጅ ትመጣብኛለች።

ባጠቃላይ ለመተግበሪያው ከአምስት አራት ተኩል። ነፃ ነው፣ ርካሽ ታብሌት ላይ ይሠራል፣ ዐማርኛ ፊደል አያስቸግረውም። ፎርም ለምትሠሩ፦ ቀኑን በእኛ አድርጉት፣ ሰዓቱን አንዴ ራሳችሁ ሞክሩት፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ክፍት ሣጥን ተዉልን።

ደሴ ዙሪያ እናትየው ቤት የዚያን ቀን የያዝኩት ፎርም እንደ ዕድል ሣጥን ነበረው። ጨርሼ ስነሣ እናትየው በረካውን ሳልጠጣ አትሄጂም ብለው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ መዘገብሻት?» አሉኝ።

«አብሽሪ እናቴ» አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሣጥኑን ከፍቼ «አንዲት ልጅ ሳዑዲ አለች፤ እናቷ ትቆጠርልኝ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ያነበብኩላቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውን ጎረቤታቸውን ጠርተው ነው ያስነበቡኝ።