የወዳጄን የመቃብር ድንጋይ ለሠሩልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በሞት ለተለየኝ የረጅም ዘመን ወዳጄ የመቃብር ድንጋዩን ጠርበው፣ ጽሑፉንና ምልክቱን ቀርጸው፣ በቦታው አቁመው ላስረከቡኝ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ «ባለሙያው» እያልኩ እቀጥላለሁ። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለማንም ስለማይጠቅም፣ ያደረጉትን ነገር ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ወዳጄ ፍሪሜሶን ነበር፤ ምልክቶቹን ከድንጋይ ጠራቢዎች ሙያ የወሰደ የወንድማማችነት ማኅበር አባል ማለት ነው። እኔ አይደለሁም፤ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አባል እንድሆን አንድም ቀን ጎትቶኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስለዚህ ማኅበር የሚወራው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሚወራው ውስጥ ግን በእሱ ላይ ያየሁት የለም። እኔ ያየሁት በስብሰባቸው ምሽት ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነጩን ሽርጡን የያዘችውን ስስ ቦርሳ በብብቱ ሸጉጦ ሲወጣ ነው። በሎጃቸው (አባላቱ የሚሰበሰቡበትን ቡድን «ሎጅ» ይሉታል) ውስጥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከር ክልክል እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው፤ «ለዚህ ነው እስካሁን ሳንጣላ የቆየነው» ይል ነበር። ሲታመም ደግሞ በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት አየሁ፤ የሎጁ ወንድሞች ሐኪም ቤት የሚያመላልሱበትን ቀን ተከፋፍለው ስማቸውን በተራ ጽፈውበታል። ወረቀቱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ነበር፣ ከተራው የቀረ ሰውም አላየሁም።

ስለ ራሱ ሲናገር ደግሞ «እኔ ገና ያልተጠረብኩ ድንጋይ ነኝ» የሚላት ነገር ነበረችው። ቀልድ ትመስለኝ ነበር። ለካስ በሎጃቸው ውስጥ ሁለት ድንጋዮች ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ከድንጋይ ካባው እንደወጣ ሻካራ የሆነ፣ ሌላው ተጠርቦና ተስተካክሎ ለግንብ የተዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ሰው በጠባዩ ላይ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ያለበትን፣ ሁለተኛው ሊደርስበት የሚጥረውን ሁኔታ ያመለክታሉ።

ድንጋዩን የማሠራቱ ኃላፊነት በባለቤቱ ጥያቄ በእኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የሄድኩበት ድርጅት ከኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ሥዕል አውጥቶ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ኮምፓስ (ባለ ሁለት እግር ክብ መሥሪያ) የተጣመሩበትን የታወቀውን ምልክት አሳይቶኝ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፈርም አለኝ። ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር። ብዕር ካነሣሁ በኋላ ያስቆመኝ እውቀት ሳይሆን የተስተናገድኩበት ጥድፊያ ነው።

ባለሙያው ዘንድ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያንኑ ሥዕል ባሳያቸው ጊዜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ወንድሜ፣ ትርጉሙን የማላውቀውን ነገር ድንጋይ ላይ አላወጣም፤ ወረቀት ቢሳሳቱበት ይቀደዳል፣ ይኼ አይቀደድም» አሉኝ። ወዳጄ በእጁ ይዞት የነበረ፣ ምልክቱ ያለበት ዕቃ ካለ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ባለቤቱን አስፈቅጄ ቀለበቱንና የአባልነት የምስክር ወረቀቱን ወሰድኩላቸው። በማጉያ መነጽር እያገላበጡ ሲያዩ በቀለበቱ ላይ የኮምፓሱ ሁለት እግሮች ከስኳድራው በላይ ወጥተው፣ በሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም ከሥሩ መግባታቸውን ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ያንን ቀለበት በጣቱ ላይ ለስንት ዓመት አይቼዋለሁ!

በራሳቸው ግምት ከመሥራት ይልቅ የሎጁን ጸሐፊ እንዳገናኛቸው ጠየቁ። የጸሐፊው ማብራሪያ አጭር ነበር፦ ማዕረጉ ሦስት ደረጃ አለው፤ በተለማማጅነት ሁለቱም የኮምፓሱ እግሮች ከስኳድራው ሥር ናቸው፣ በሁለተኛው ደረጃ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማስተር ሜሶን ሲሆን ሁለቱም ከላይ ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር፣ በመጀመሪያው ድርጅት ሥዕል ብስማማ ኖሮ ወዳጄን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ወደ ገባበት የመጀመሪያ ምሽት መልሼው ነበር። እሱ ራሱ ቢያየው ከማናችንም በላይ ይስቅ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሥዕሉ ሌላም ነገር ነበረበት። መሐሉ ላይ «ጂ» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀምጣለች፤ ይህ በአሜሪካ የተለመደ ሲሆን በእንግሊዝ ግን ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ፊደሏ ነው የሚሠራው። በቀለበቱ ላይ ስላልነበረች በድንጋዩም ላይ እንዳትኖር ተወሰነ። በምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ የገባበት ዓመት 5987 ተብሎ ተጽፏል። ባለሙያው የጽሕፈት ስሕተት እንዳይሆን ሰግተው ይህንንም ጠየቁ፤ ፍሪሜሶኖች በቆየው ልማዳቸው ዓለም ተፈጠረ ከሚሉበት ጊዜ ጀምረው ስለሚቆጥሩ በተለመደው ዓመት ላይ 4000 ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1987 ነው። ባለቤቱ ለሚያነብ ሰው ግራ እንዳይሆን የተለመደው ቁጥር ይሁን አለች፣ እሱም ሆነ።

በሥራው መካከል አንድ ቀን ስለ ማኅበሩ ያነበብኩትን አጫወትኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1717 በለንደን አራት ሎጆች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ፣ ማለትም የሎጆች የበላይ አካል፣ እንዳቋቋሙ፣ በ1723 መተዳደሪያ ደንባቸው እንደታተመ፣ በዚያ ጊዜም ብዙዎቹ አባላት ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ ሰዎች እንደነበሩ ነገርኳቸው። ስኳድራውም፣ ቱንቢውም፣ ውሃ ልኩም የጠባይ ማስተማሪያ ምሳሌ ሆነው መቅረታቸውን ሲሰሙ መሮአቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «መሣሪያችንን ወሰዱና ሥራውን ለእኛ ተዉልን በለኛ!»

ያን ዕለት የወዳጄን ያልተጠረበ ድንጋይ ነገርም እንደ ዋዛ አንሥቼላቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ደውለው የሐውልቱ ታችኛው ሲሶ ሳይጠረብ፣ ከካባው እንደወጣ ቢቀርስ ብለው ጠየቁኝ። አሁን እንደዚያው ቆሟል፤ ከታች ድንጋዩ ሲፈለጥ የገባበት የመሰርሰሪያ ፈር ሳይቀር ይታያል፣ ከላይ ስሙና ምልክቱ ያለበት ክፍል እንደ መስታወት ለስልሷል፣ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሥራው ገና ያላለቀ ይመስል ወጣ ገባ ያለ ነው። ባለቤቱ ስታየው ሻካራውን ክፍል በመዳፏ ዳሰሰችና «እሱ ነው» አለች።

በሚያቆሙበት ቀን ሁላችንም ጨርሰናል ባልንበት ሰዓት ባለሙያው ውሃ ልካቸውን አስቀመጡበት። እኔ ባየው አንድም የተዛነፈ ነገር አልነበረውም፤ እሳቸው ግን አረፋዋ ከመሐል ትንሽ ሸሽታለች ብለው ድንጋዩን አስነሥተው መሠረቱን እንደገና አስተካከሉ። ከሎጁ የመጡት ሁለት ወንድሞች የነፍስ አለመሞት ምልክት የሆነችውን የግራር ቅጠል ይዘው ያለ አንዳች ጉርምርምታ ጠበቁ። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ የጠየቁኝ ክፍያ የለም፤ ሒሳቡ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ የተስማማንበት ብቻ ነው።

እንከናቸውን ሳልናገር ብቀር ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ዘግይተዋል፤ አስቀድመው ነግረውኛል፣ ምክንያቱም ያው መጠየቅና ማጣራት ነው፤ ቢሆንም ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ከሆነ ፎቶግራፍ ሳይሆን ዋናውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚጻፈውንም ስምና ዓመት ቤተሰቡ አይቶ የፈረመበት ይሁን።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ መሮ ከያዙ ስልክ ስለማያነሡ ግን ማታ ማታ ደውሉላቸው።