የቡድን ብድር ለመውሰድ ለምታስቡ፣ ከቀፊራ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ቀዝቃዛ ውሃና ጁስ እሸጣለሁ። ፍሪዘሬን የገዛሁት ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም በወሰድኩት የቡድን ብድር ነው። «እንዴት ነው፣ እንግባበት?» የሚሉኝ ጎረቤቶች ስለበዙ ያየሁትን ልጻፍ።

ካርታም መኪናም ስለሌለኝ ባንክ ሄጄ የማስይዘው ነገር የለም። እዚህ ግን አምስት ሴቶች ተሰባስበን አንዳችን ለአንዳችን ዋስ ሆንን፣ ገንዘቡም ወጣ። ድሮ በረዶ በየጠዋቱ ከሰው እገዛ ነበር። አሁን ያ ወጪ ቀርቶ ለልጄ ትምህርት ቤት ይከፈላል። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዋስትናው ግን የምር ነው። አንዷ ጓደኛችን ከታመመ ልጇ ጋር ሆስፒታል ስትከርም የእሷን ድርሻ አራታችን አዋጥተን ከፈልን። መልሳልናለች። አብራችሁ የምትገቡት እቁብ ስትጥል ከምታውቋት ሴት ጋር ይሁን።

ከሁሉም በላይ ወለዱን ጠይቁ። «18 በመቶ» ሲባል በመነሻው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? ለምሳሌ 20,000 ብር ለአንድ ዓመት ወሰዳችሁ እንበል። በመነሻው ከታሰበ ወለዱ 3,600 ብር ነው። ዋናውን በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ በቀሪው ከታሰበ ግን 1,950 ብር ብቻ ነው። ስሙ ያው 18 በመቶ፣ ልዩነቱ 1,650 ብር! የእኛው በመነሻው ነው። ብድር የሚሰጠው ልጅ ስጠይቀው ሳይደብቅ ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ አሰላልኝ፤ እሱን አከብረዋለሁ። ግን ሳይጠየቅ ለሁሉም ሊነገር ይገባል።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ በወለድ ምክንያት ከነጭራሹ አይገቡም። ድሬ ላይ ይሄ ብዙ ሰው ነው። ተቋሙ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ ቀስ በቀስ በሚከፈል ዋጋ የሚሸጥበት ሙራባሃ የሚባል መንገድ አለ። የእኛ ቅርንጫፍ ግን እስካሁን አልጀመረውም።

ከድህነት ያወጣል ወይ? ሥራ ይዛ ዕቃ ለጎደላት ሴት በጣም ይጠቅማል። ምንም ለሌላት ግን ዕዳ ብቻ እንዳይሆንባት እፈራለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች የተሠሩ ጥናቶችም ብድሩ ሥራ ለማስፋት ቢያግዝም የቤተሰብን ገቢ በጉልህ እንዳልለወጠ ነው ያሳዩት።

እኔን የሚያንገበግበኝ የክፍያው ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲከር ውሃ አይበቃኝም። ታኅሣሥ ላይ ማን ቀዝቃዛ ይጠጣል? ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቀኑ ገበያ ጭር ይላል፤ ሳንቡሳ ጠብሼ ለማፍጠሪያ በመሸጥ ነው የምደጉመው። መብራት ጠፍቶ የዋለ ዕለትማ ተዉት። ክፍያው ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። በስብሰባ ጠይቀን «ለዋናው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ» ተብለናል። ሁለተኛውን ዙር የምወስደው ከኅዳር እስከ ጥር ቀለል አድርገውልኝ ከሚያዝያ በኋላ ከፍ ካደረጉት ብቻ ነው።