«ሐይቅ ዳር አልጋ» ያለበት የሰሜን ፓኬጅ፦ ብሩን ከመላካችሁ በፊት

በዓል በደረሰ ቁጥር ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «ባሕር ዳር 2 ሌሊት፣ ጎንደር 2 ሌሊት፣ ላሊበላ 1 ሌሊት። ሐይቅ ዳር አልጋ፣ ቁርስና ጀልባ ጨምሮ። እስከ ዓርብ ለሚከፍል ልዩ ቅናሽ!» የሚሸጠው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አንልም፤ ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ አስጎብኚዎች አሉ። ችግሩ ውሉ ራሱ ለተጓዥ የማይበጅ መሆኑ ነው። የሦስት ከተማ አልጋ በአንድ ጊዜ ሙሉ ከፍላችሁ አትግዙ። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ በቀብድ ያዙ፤ የቀረውን አንድ ቀን ሲቀራችሁ በቀጥታ ከሆቴሉ ጋር ጨርሱ።

ዋናው ምክንያት መንገዱ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ በሦስት ሰዓት ይገባል። ላሊበላ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት እነዚህ መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል፤ ሲዘጉም ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ባሕር ዳር ላይ አንድ ቀን ከታገዳችሁ የጎንደሩ አልጋ እንዳደራችሁበት ይቆጠራል፤ የላሊበላውም ተከትሎት ይሄዳል። ፓኬጁን የሸጠው ሰው «የሆቴሉ ሕግ ነው» ይላችኋል። ሆቴሉ ደግሞ «እኛ የምናውቀው አስጎብኚውን ነው፣ እናንተን አይደለም» ይላል። ሁለቱም ውሸታቸውን አይደለም፤ እናንተ ግን ለዚያች ሌሊት ጎንደር ላይ የከፈላችሁት ሳይመለስ ባሕር ዳር ላይ ሌላ አልጋ ትከፍላላችሁ። በቀጥታ ከሆቴሉ ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ አንድ ስልክ ደውሎ ቀኑን ማስገፋት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ ከዋጋው ቀድማችሁ «መንገድ ቢዘጋብኝ ቀኑን እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መቀየር እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ይጻፉላችሁ።

ቅናሹንም እንመርምረው። ብዙ ሆቴሎች ዋጋ ሲናገሩ «ፕላስ ፕላስ» ይላሉ፤ የአገልግሎት ክፍያና ቫት አልተጨመረበትም ማለት ነው። 3,000 ብር የተባለ አልጋ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 3,300 ይሆናል። 15 በመቶ ቫቱ የሚታሰበው በዚህ በ3,300 ላይ ስለሆነ መጨረሻው 3,795 ነው። ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ብሎ ያሰበ ሰው 3,750 ይዞ ሂሳብ ክፍል ፊት ይጨቃጨቃል። ለአምስት ሌሊት 15,000 የመሰለው 18,975 ይሆናል። ፓኬጁን ከሆቴሉ ዋጋ ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱም ታክስ ያለበት ወይም ሁለቱም የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ቅናሽ ያላችሁት ነገር ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ ዋጋው በዶላር ከተነገራችሁ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ አስጽፉ። የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬው ተመን የሚቀጥለው ወር ላይ ላይሠራ ይችላል። ቁርሱም «ጨምሮ» ሲባል ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት? ደብል አልጋ ሸጠው አንድ የቁርስ ኩፖን የሚሰጡ አሉ።

አሁን ወደ «ሐይቅ ዳር» እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ መስኮቱን ስትከፍቱ ጣና ፊት ለፊታችሁ ነው። ሁለተኛው፣ ግቢው ሐይቁን ይነካል፣ የእናንተ ክፍል ግን ወደ መኪና ማቆሚያው ወይም ወደ ጀነሬተሩ ነው የሚያየው። ሦስተኛው፣ ሆቴሉ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ሐይቁ የሚታየው ከሰገነቱ ካፌ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ሁልጊዜ ከሰገነቱ ወይም ከአትክልቱ የተነሣ ነው። ፎቶ አትቀበሉ፤ ቪዲዮ ጠይቁ። ቪዲዮው ከክፍሉ በር ይጀምር፣ የክፍሉ ቁጥር ይታይ፣ ሳይቋረጥ አልጋውን አልፎ እስከ መስኮቱ ይሂድ፣ መስኮቱ ይከፈት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው «ኔትወርክ የለም» የሚላችሁ። ከዚያ ያንኑ የክፍል ቁጥር ማረጋገጫው ላይ ያስፍሩት።

ወቅቱንም አስቡበት። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ያኔ ዳርቻው ላይ የምታዩት ጭቃና ደንገል ነው፣ ለዚያ እይታ ተጨማሪ መክፈል ትርጉም የለውም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች «ደጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚሉ አሻሻጮች አትስሟቸው፤ በተለይ ከዝናቡ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ወባ አለ፣ ውሃው አጠገብ ያለ ክፍልም ለትንኝ ቅርብ ነው። አጎበር አለ ሲሏችሁ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዘርጉት፤ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ይገባል ወይስ ጉልበታችሁ ላይ ይቀራል? ወደ ላምፓዲናው አዙራችሁ እዩት፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለበት ሌላ አስመጡ። «የግል የሐይቅ ዳርቻ፣ ዋና ይቻላል» የሚል ካለበት ደግሞ ያንን እንደ ጥቅም አትቁጠሩት፤ ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም እንዲሁ።

ለእኛ እንደሚመስለን፣ አንድ ሌሊት አድሮ በማለዳ ወደ ጎንደር ለሚነሣ ሰው ከዳርቻው ሁለት መንገድ ገባ ያለ ንጹሕ ፔንሲዮን ከበቂ በላይ ነው። ሐይቁን ለማየት አንድ ማኪያቶ ይበቃል። የሐይቅ ዳር ክፍል ዋጋ ያለው ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚቆይ፣ ከሰዓት በኋላውን ግቢው ውስጥ ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ነው። ፔንሲዮን ስትመርጡ ጎን ለጎን የምሽት ክበብ እንዳለ ጠይቁ፤ መሀል ከተማ ከሆነ ደግሞ በጾም ወራት ሌሊቱን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ እንዳለ አውቃችሁ ግቡ።

«ጀልባ ጨምሮ» የሚለውም መፈታት አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚያካትተው የጀልባውን ኪራይ ብቻ ነው፤ የየገዳሙ መግቢያ፣ አስጎብኚውና የቪዲዮ ካሜራ ክፍያ ለየብቻ ነው። ወዴት እንደሚሄድ አስጽፉ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን አንድ ጉዞዋ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ «ግማሽ ቀን፣ ዘጌና ናርጋ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወይ ካርታ አላየም ወይ ናርጋን መንገድ ላይ ሊሰርዛት አስቧል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ይህ እየታወቀ ለባልና ሚስት የሚሸጥ ፓኬጅ አለ፤ ሚስት የከፈለችበትን ገዳም ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ የማይነሣ ጀልባ አትቀበሉ፣ ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩንም ሳትሳፈሩ ቁጠሩ።

ጢስ ዓባይ በፓኬጁ ካለ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ እንዳታምኑት። ያ ፎቶ የነሐሴ ወይም የመስከረም ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል፣ በተለይ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዋናው ውሃ ከሐይቁ ወደ በለስ ነው የሚሄደው። በየካቲት ወይም በመጋቢት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታዩት ገደሉና ቀጭን ውሃ ሊሆን ይችላል።

ለጥምቀት የምትሄዱ በተለይ ተጠንቀቁ። «ጥምቀት በጎንደር» ተብሎ ተሸጦ አልጋው ባሕር ዳር የሚሆንበት ፓኬጅ አለ፣ ጎንደር በከተራ ዋዜማ ስለሚሞላ። የፋሲል መዋኛው ሥነ ሥርዓት ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ለዚያ መድረስ ማለት በውድቅት ሌሊት መንዳት ነው፣ በዚህ ጊዜ የማይታሰብ። የሆቴሉ ከተማና ስም በየሌሊቱ ተዘርዝሮ ካልተጻፈ አትክፈሉ። በውጭ ድረ ገጽ ለምትይዙም የቀን ስሌቱ ያሳስታል፦ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። 2016 እንደዚያ ነበር፣ 2020ም እንደዚያ ነው። «ቼክ አውት 12:00» የሚለው ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ማታ 12 አይደለም።

ክፍያውን በተመለከተ፦ ብሩ የሚገባበት ሒሳብ ስም የሆቴሉ ወይም የድርጅቱ የንግድ ስም መሆን አለበት። ቴሌብርም ሆነ ባንክ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል፤ የግለሰብ ስም ከመጣ እዚያው አቁሙ። «የባለቤቱ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ቀጥሎ ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ሆቴሉ ራሱ በሚታወቅበት ቁጥር ሪሴፕሽን ደውሉና «በዚህ ስም አልጋ ተይዟል ወይ?» በሉ። የምትልኩት ገንዘብ ማረጋገጫው ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ ይመልሳል። «ክፍያ አይመለስም» የሚል መስመር ስትፈርሙ ይህን መብታችሁን እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩን አሰርዙ ወይም መንገድ ሲዘጋ የማይሠራ መሆኑን አስጨምሩበት።

ስትደርሱ መታወቂያ ከመስጠታችሁና መዝገብ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቦይለሩ ማብሪያ ላይ ቀይ መብራት መብራቱ ውሃው ሞቋል ማለት አይደለም። ላይኛው ፎቅ ከሆነ ሽንት ቤቱን ልቀቁና ገንዳው እስኪሞላ እዩት፣ ሮቶው ባዶ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። ጀነሬተሩ ለክፍሎች ነው ወይስ ለሪሴፕሽንና ለባሩ ብቻ? ክፍሉ የተስማማችሁበት ካልሆነ እዚያው ቆማችሁ ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ፣ ቪዲዮውንና የክፍል ቁጥሩን አሳዩት። አንድ ሌሊት አድራችሁ ጠዋት ስታማርሩ «ተስማምታችሁ ነው ያደራችሁት» ትባላላችሁ። ከካሽ ሬጂስተር የወጣውን ደረሰኝ ውሰዱ፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ብትሄዱ ጉዳያችሁ ይጓተታል። ገንዘቡ የተላከው ለማይገኝ ሰው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ መጀመሪያ ባንኩ ወይም ቴሌብር ጋ ደውሉ፣ ፖሊስ ጣቢያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።