ከአያት ወዲያ፣ በለገጣፎ መንገድ የተከታተልኩት የሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥልጠና

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የብረታ ብረት መሸጫ በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ ለጥርስ ቴክኒሻኖች ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማዘጋጀትን የሚያስተምር ጠባብ ክፍል አለ። ለ10 ተከታታይ ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተመላልሼ ጨርሻለሁ። በጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁት የተሰበረውን በመጠገንና አንድ ሁለት ጥርስ በመተካት ላይ ስለነበር፣ አንድም ጥርስ ላልቀረለት አፍ የላይና የታች ረድፍ መሥራት ሌላ ሙያ መሆኑን በደንብ የተረዳሁት እዚህ ነው። የቀሩ ጥርሶች ካሉ ንክሻው የት እንደሚገጥም እነርሱ ይመራሉ፤ ባዶ ድድ ግን ከፍታውንም ሆነ የመንጋጋውን ትክክለኛ ቦታ ስለማይናገር፣ ሐኪሙ በሰም ላይ ለክቶ የላከውን ሳያዛቡ ወደ አርቲኩሌተር (የመንጋጋን እንቅስቃሴ ወደሚያስመስለው መሣሪያ) ማስተላለፍ የቴክኒሻኑ ዕዳ ይሆናል።

ልኬት ላይ ጀሶ ማፍሰስና የግል ትሬይ (ለአንድ ታካሚ አፍ ብቻ የሚሠራ የልኬት መውሰጃ) መሥራት በሁለት ቅዳሜ አለቀ፤ ለማናችንም አዲስ አልነበረም። ጥርስ ድርደራው ግን አራት ቅዳሜ ወሰደ። አሠልጣኙ የታችኛው ድድ ጫፍ የሚሄድበትን መስመር በእርሳስ ጀሶው ላይ ያሰምሩናል፤ ከዚያ ወደ ውጭ የወጣች መንጋጋ ጥርስ ካገኙ በሰም ቢላቸው ያለ ምንም ንግግር ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልናል። መንጋጋው ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት በሁለቱም በኩል ጥርሶቹ ካልተነካኩ ሰው ሠራሹ ጥርስ በማዶ በኩል እንደሚነሣ በእጃችን አርቲኩሌተሩን እያንቀሳቀስን እስክናይ ድረስ ወደሚቀጥለው አላሳለፉንም።

ለክፍያዬ ዋጋ የሰጠኝ ግን የአክሪሊኩ፣ ማለትም ጥርሶቹን የሚይዘው ድድ መሰል ፕላስቲክ፣ ሥራ ነው። ዱቄቱና ፈሳሹ በመጠን ሦስት ለአንድ ተደባልቀው ከብርጭቆው ግድግዳ ሳይጣበቅ የሚላቀቅ ሊጥ ሲሆን፣ ፍላስኩ (ሻጋታውን የሚይዘው ባለ ሁለት ግማሽ ዕቃ) ውስጥ ሞልቶ በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍኖ መጭመቅ፣ የተረፈውን ጠርዝ መቁረጥና ምንም ትርፍ እስከማይወጣ ድረስ ይህንኑ መደጋገም ያስፈልጋል። እኔ ችኩል ነኝና አንዴ ብቻ ቆርጬ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራዬን ወደ አርቲኩሌተሩ ስመልሰው የንክሻውን ከፍታ የሚጠብቀው የፊቱ ዘንግ ከማረፊያው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቶ ቀረ፤ በፍላስኩ ሁለት ግማሾች መካከል የቀረው ስስ ትርፍ ንክሻውን ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። ሞርጄ ላስተካክል ስነሣ አሠልጣኙ ከለከሉኝና፣ ስህተቱ እንዳለ መስኮቱ ላይ እንዲቀመጥ አደረጉ።

አክሪሊኩ እንዲጠነክር ፍላስኩ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ሙቀት በተመለከተም መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ያለፈ ነገር ሰምቻለሁ። የታወቁት መንገዶች በ74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ8 ወይም 9 ሰዓት ማቆየት፣ አለበለዚያ በ74 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆይቶ ለ1 ሰዓት በ100 ዲግሪ ማፍላት ናቸው። ሆኖም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ከፍታችን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ «ፈልቷል» ብሎ በሰዓቱ ማውጣት ያልተዋሐደ ፈሳሽ አክሪሊኩ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ይመርጣሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ድስቱ ወደ ጋዝ ምድጃ ይዛወራል፤ አንዱ ሠልጣኝ ቴርሞሜትር ይዞ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ በድንገት ከወጣ ወፍራሙ ቦታ ውስጥ ፈሳሹ ፈልቶ አረፋ ይተዋል።

ቅሬታዎቼ ሁለት ናቸው። በኮምፒውተር መንደፍን የሚመለከተው ትምህርት ግማሽ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ለስምንት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ በትከሻ ላይ እያዩ ንድፍ አይለመድም። የፈሳሹን ሽታ የሚያወጣው ማራገቢያ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሳይሠራ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ተናግረን ሁለት ጊዜ «ይሠራል» ተባልን።

በመጨረሻው ቅዳሜ አንዲት የሰፈሩ አዛውንት ከሐኪማቸው ጋር መጥተው፣ ገና በሰም ላይ ያለውን ሥራችንን ሞከሩ። ሐኪሟ «እማማ፣ እስቲ ስድሳ ስድስት ይበሉልኝ» ስትላቸው፣ «ምን ዕዳ አለብኝና ነው የምቆጥረው?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን፤ ከዚያ ግን ቆጠሩ። በእያንዳንዱ «ስ» የላይና የታቹ ጥርስ ቀጭ ሲል ተሰማ። ንክሻው ከፍ ብሏል ማለት ነበር፤ መስኮቱ ላይ የቆመውን የእኔን 2 ሚሊ ሜትር ዞር ብዬ አየሁት። አፍ ውስጥ የገባ ሥራ ያየነው በዚያ አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ያስቆጫል፤ ቢያንስ በአምስተኛው ቅዳሜ ሊደረግ ይገባ ነበር።

ላብራቶሪ ውስጥ ለሠራ ሰው ሥልጠናውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ጀሶ ይዞ ለማያውቅ ግን ይፈጥንበታል። የራስዎን የሰም ቢላ ይዘው ይሂዱ፤ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው።